ኮረብታው ላይ ያልሠራሁት ቤት

ዮሐንስዬ፣

አንተ ከተለየኸኝ ይኸው ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር ሆነ። እስከ ዛሬ አንድም መስመር አልጻፍኩልህም። አርባህ ሲወጣ ልጃችን ሜሮን፣ «እማ፣ ለአባቢ ደብዳቤ ጻፊለት፣ ቀለል ይልሻል» ብላኝ ነበር። እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። ስምህን ጻፍኩ፣ ከዚያ ወዲያ እጄ አልሄደልኝም። የምነግርህ አጥቼ አልነበረም። አንድ የዋሸሁህ ነገር ነበረኝና እሱን ትቼ ሌላ ሌላውን ማውራት አሳፈረኝ። አሁን ነገሩ መልክ ስለያዘ ቁጭ ብዬ ልነግርህ ነው።

በመጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልስጥህ። ሆሳዕና ያው ሆሳዕና ናት። ባጃጁ በዝቷል። ክረምት ክረምት ጫማችንን የሚውጠው የበራችን መንገድ ድንጋይ ተነጥፎበታል። በቀኝ በኩል ያለው ጋራዥ ሰፍቶ አጥራችን ድረስ ስለመጣ ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ መዶሻ ነው። ሬዲዮህ ይሠራል፣ አንቴናው ተሰብሮ በሽቦ አስሬዋለሁ። ነጭ ጋዎኖችህን አብራህ ትሠራ ለነበረችው ነርስ ሰጠኋት፤ አሳጥራ እየለበሰቻቸው ነው አሉ። እኔም ሰኔ ላይ ጡረታ ወጣሁ። መምህራኑ ጋቢ አልብሰው ሸኙኝ። ንግግር አድርጊ ሲሉኝ፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት አማርኛ ያስተማርኩ ሰው አንዲት ዐረፍተ ነገር መጨረስ አቃተኝ።

ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ አከራያችን እማማ ዘውዴ መጡ። ብዙ ዙሪያ ጥምጥም ከሄዱ በኋላ ትንሹ ልጃቸው ሊያገባ መሆኑንና ቤቱን ለሙሽሮቹ ማሰባቸውን ነገሩኝ። «ልጄ፣ እስከ ፋሲካ ተረጋግተሽ ፈልጊ። ማንም አያጣድፍሽም» አሉኝ። አልተቀየምኳቸውም። ሃያ ሁለት ዓመት በቤታቸው ስንኖር አንድ ቀን ፊታቸውን አላጠቆሩብንም። ከሄዱ በኋላ ግን ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። ጎረቤቱ፣ ሜሮን፣ ወንድምህ፣ ሁሉም ሰው ወዴት እንደምገባ ያውቃል። ኮረብታው ላይ ነው። እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው።

ያ ኮረብታ። ዶዮገና፣ ከወንድምህ ከጋሼ ጴጥሮስ መንደር ወጣ ብሎ፣ አባታችሁ ያንተ ድርሻ ይሁን ያሉት ቦታ። መጀመሪያ ያሳየኸኝ ሜሮን ዩኒቨርሲቲ በገባችበት ዓመት ነው። ጫማዬ ተረከዝ ነበረው፣ እጄን ይዘህ ጎተትከኝ። ላይ ስንደርስ ነፋሱ ባርኔጣህን ይዞት ሄደ፤ አንተ ግን ዞረህም አላየኸው። ሐምበሪቾ ተራራን በእጅህ እያሳየኸኝ፣ «ጸዲ፣ ጡረታ ስንወጣ ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ተቀምጠን እሱን ነው የምናየው» አልከኝ። ዕድሜህን ሙሉ የሰው ቁስል ስታጥብ የኖርክ ሰው ለራስህ አንድ ነገር ስትመኝ ያየሁህ ያን ቀን ነው። «እንዴት ነው?» ስትለኝ፣ «እሺ» አልኩህ።

እውነቱን ልንገርህ። በረደኝ። ወደ ታች ሳይ የሰው ጣሪያ ሁሉ ሩቅ ነው። ውሃው ታች ነው፣ መንገዱ ታች ነው፣ ሰዉ ታች ነው። እኔ አባቴ ከሸዋ ለጽሕፈት ሥራ መጥቶ እዚሁ የቀረ፣ ሆሳዕና ገበያ ጀርባ የተወለድኩ፣ ጎረቤት ሳልጠራው ሲገባብኝ ያደግኩ ሰው ነኝ። ከምባትኛዬም ከሰላምታ አያልፍም። አርጅተን አንዳችን ስንቀር፣ የቀረው እዚያ ነፋስ ላይ ምን ይሆናል ብዬ አሰብኩ። አሰብኩና ዝም አልኩ።

በማግስቱ ብነግርህ ኖሮ ቀላል ነበር። ዓመት ሲያልፍ ከበደኝ። ያቺን ካሬ ካሬ መስመር ያላት ደብተር ገዝተህ ቤቱን መሳል ጀመርክ። በረንዳውን ወደ ምሥራቅ፣ አምስት ደረጃ፣ ሳሎን፣ የእኔ የመጻሕፍት መደርደሪያ፣ የእንግዳ ክፍል። ትሰርዛለህ፣ እንደገና ትስላለህ። ልብህ ታሞ ከተኛህ በኋላ ደግሞ እጅህ ስለሚንቀጠቀጥ ማስመሪያውን የምይዝልህ እኔ ነበርኩ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ የማልፈልገውን ቤት ግድግዳ ቀጥ አድርጌ አሰመርኩልህ። አንተም ታውቅ ነበር መሰለኝ፣ ከመሞትህ ሁለት ሳምንት በፊት ደብተሩን ዘጋህና፣ «ጸዲ፣ ግን እውነት ትወጂዋለሽ?» ብለህ ጠየቅከኝ። «እንዴታ» አልኩህ። ፈገግ ብለህ ተኛህ።

ይህን ነው ተሸክሜ የኖርኩት። ውሸቱ አንድ ነገር ነው፤ ውሸቱን ይዘህ መሄድህ ግን ቃል ኪዳን አደረገው። ለሚጠይቀኝ ሁሉ «የዮሐንስ ምኞት ነው፣ ይሠራል» እላለሁ። ሜሮን ከሐዋሳ በደወለች ቁጥር፣ «የአባቢ ቤት የት ደረሰ?» ነው የምትለኝ። ብቻዬን ስሆን ግን ጉልበቴን እያሸሁ ያንን ዳገት አስባለሁ።

ጳጉሜ ላይ ጋሼ ጴጥሮስ ደወሉ። «እህቴ፣ ዘንድሮ መስቀልን እኛ ዘንድ ነሽ። በማግስቱ የቤቱን ችካል እንተክላለን። ሲባጎውንም ገዝቻለሁ» አሉኝ። እሺ አልኩ። ከእሺ ሌላ ቃል ያልተፈጠረልኝ ይመስል።

መስቀልን እንደምታውቀው ነው ያከበርነው። መንደሩ ሙሉ ሰው፣ ከያለበት የመጣ ዘመድ፣ ሥጋው፣ ቆጮው፣ የወንድምህ የልጅ ልጆች እግር ለእግር ሲሯሯጡ። ያንተ ቦታ ባዶ እንዳይሆን ብለው ይሁን አይሁን አላውቅም፣ እዚያው አንተ ትቀመጥበት የነበረው መደብ ላይ አስቀመጡኝ። የጋሼ ሚስት የእትዬ አማረች እጅ ያው ነው፤ ሳህኔ ጎደል ሲል ሳላያት ትሞላዋለች። ከጋሼ ጴጥሮስ ጋር ዐይን ለዐይን ስንጋጠም ግን ወዲያው ወደ ሌላ ያያሉ። ይህን ያኔ ልብ አላልኩትም።

በማግስቱ ጠዋት ሁለታችን ወጣን። ጋሼ አራት ችካል በትከሻቸው፣ ሲባጎውን በኪሳቸው ይዘዋል። እኔ ደብተርህን በፌስታል ጠቅልዬ ይዣለሁ። ጭጋጉ ገና አልተገፈፈም። ከእንሰቱ ወጥተን ዳገቱን እንደጀመርን ጉልበቴን ይወጋኝ ጀመር። ግማሽ ላይ ስንደርስ እግሬ አልንቀሳቀስ አለኝና አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ቀና ስል እርሳቸውም ችካሉን መሬት ጥለው፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ያለከልካሉ። ካንተ በስድስት ዓመት እንደሚበልጡ ረስቼው ነበር። ሁልጊዜ በዐይኔ የሚታዩኝ ጆንያ ተሸክመው ሲሮጡ ነው።

አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ከላይ፣ በቦታው ዙሪያ፣ ነፋስ እንዲከልል ብለው የተከሏቸው የጽድ ችግኞች ይታያሉ። ግማሾቹ ደርቀዋል። «ውሃው ከታች ነው፣ እንደልብ አልደርስላቸውም» አሉ እንደማፈር ብለው። አንተ ከሞትክ ጀምሮ በሳምንት ሁለት ቀን ያንን ዳገት ጀሪካን ተሸክመው ሲወጡ እንደነበር የሰማሁት ያኔ ነው።

ዮሐንስዬ፣ ከዚያ በኋላ ልይዘው አልቻልኩም። አንድ ሰው የማልፈልገውን ዛፍ በሸክም ውሃ ሲያሳድግልኝ እንዴት ዝም እላለሁ? «ጋሼ ጴጥሮስ፣» አልኳቸው፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ እዚህ ላይ መኖር አልችልም። ያኔም አልፈልግም ነበር። ለዮሐንስ ነው እሺ ያልኩት።»

ዐይናቸውን ከደረቁት ችግኞች ላይ አልነቀሉም። የአባታቸውን ቦታ የናቅኩባቸው መሰለኝና መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ። እንባዬ መጣ። እርሳቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና በረጅሙ ተነፈሱ።

«ተመስገን» አሉ።

አልገባኝም። ዞር ብዬ አየኋቸው።

«እኔና አማረች ሁለት ዓመት ሙሉ የምንጨቃጨቀው በዚህ ነው። እሷ፣ ‹ሴትዮዋን ብቻዋን ነፋስ ላይ ልታስቀምጣት ነው? ብትታመም ማን ያወርዳታል?› ትለኛለች። እኔ፣ ‹የወንድሜ ቃል ነው፣ የእሷም ምኞት ነው፣ ምን አገባኝ› እላታለሁ። ግን ይጨንቀኛል። በቃሬዛ ሳወርድሽ በሕልሜ ሁሉ አይቻለሁ።» ከዚያ ፈራ ተባ ብለው፣ «እውነት አልፈለግሽውም ነበር?» አሉኝ።

«አልፈለግሁትም።»

«እኔም የምትፈልጊው መስሎኝ ነው እኮ።»

መሳቅ የጀመረው ማን እንደሆነ አላስታውስም። ጋሼ ጴጥሮስ እንደዚያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም፤ ትከሻቸው እየተርገፈገፈ ችካሉ ላይ ተደገፉ። እኔም እያለቀስኩ ሳቅኩ። ሁለት ሽማግሌዎች በየፊናችን የሞተ ሰው ቃል እናከብራለን ብለን አንድ ዳገት ላይ ልንሞት ነበር። እንዳልቀየምከኝ ያን ሰዓት እርግጠኛ ሆንኩ። አንተ ብትሆን ከሁለታችንም በላይ ትስቅ ነበር።

ችካሎቹን ይዘን ወረድን። እትዬ አማረች ደጅ ላይ ጎመን ስትቆርጥ አገኘናት። ባሏ ነገሩን ሲነግሯት ቢላዋውን አስቀምጣ በከምባትኛ የሆነ ነገር አለቻቸው፤ ምን እንዳለች አልጠየቅኩም፣ ከአነጋገሯ «ነግሬህ አልነበረም» ነው። ከዚያ እጄን ይዛ ወደ ታች ወሰደችኝ። ከቤታቸው በታች፣ መንደሩ ሊያልቅ ሲል፣ የእግር መንገዱ ከመኪናው መንገድ ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ጎመንና ነጭ ሽንኩርት የምትተክልበት ቦታ አለ፤ ታውቀዋለህ። «እዚህ» አለችኝ። ባጃጅ በሩ ድረስ ይመጣል። ጤና ጣቢያው በእግር ሩብ ሰዓት አይሆንም። የመንደሩ ሰው መንገድ ላይ ስለሆነ የሚያልፈው ሁሉ ሳይጣራ አያልፍም።

«የጎመንሽን ቦታማ አልወስድም» አልኳት።

«ጎመን ሌላም ቦታ ይበቅላል» አለችኝ። «እኔስ ጎረቤት አያስፈልገኝም? ልጆቼ ሁሉ ዱራሜና አዲስ አበባ ናቸው። ይኼ ሰውዬ ደግሞ አብዝቶ አያወራም።»

በሐሳቡ ደስ ብሎኝ ሳለ አንድ ፍርሃት ቀረኝ። አንዴ እውነት መናገር ከጀመርኩ አይቀር ብዬ እሱንም ተናገርኩ። በእናንተ ግቢ ውስጥ ሳይሆን የራሴ አጥርና የራሴ በር እንዲኖረኝ እፈልጋለሁ፣ ስፈልግ ዘግቼ ማንበብ እፈልጋለሁ አልኩ። ጋሼ ትንሽ ቅር ያላቸው መሰሉ። እትዬ አማረች ግን፣ «እኔም አንዳንድ ቀን በር ብዘጋ እወድ ነበር» አለች፣ ነገሩ በዚያው አለቀ። ኮረብታውን ለእነሱ፣ የጎመኑን ቦታ ለእኔ ለመለዋወጥ በሽማግሌዎች ፊት ተስማማን፣ ቀበሌም ሄደን አስጻፍነው። ኮረብታው ላይ ዘንድሮ ገብስ ዘሩበት። ገብስ ነፋስ አይፈራም።

የከበደኝ ሜሮን ናት። በስልክ ስነግራት፣ «አባቢን ከዳሽው» አለችኝ። ደብተርህን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች፤ የእንግዳው ክፍል የእሷ እንደሚሆን ቃል ገብተህላታል። ሦስት ሳምንት አልደወለችም። ታኅሣሥ ላይ እኔ ዶዮገና ሳለሁ ራሷ መጣች። አኩርፋ ነበር። ከመኪና እንደወረደች፣ «ቦታውን ልየው» አለችና ኮረብታው ላይ ብቻዋን ወጣች። አላስቆምናትም። የዶዮገናን የታኅሣሥ ብርድ ታውቀዋለህ። አንድ ሰዓት ያህል ቆይታ አፍንጫዋ ቀልቶ፣ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ ወረደች። እትዬ አማረች ጋቢ ደረበችላት። ትንሽ ከሞቃት በኋላ፣ «እማ» አለችኝ፣ «አባቢ እንዲህ እንደሚነፍስ ያውቅ ነበር?»

«ያውቃል። እሱ ነፋስ ይወድ ነበር» አልኳት።

አቀፈችኝ። ያን ቀን ከሰዓት ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን እሷ፣ እኔ፣ ጋሼ፣ እትዬ አማረችና ጋሼ ያመጡት ግንበኛ ሆነን ቤቱን እንደገና አሰብነው። ዮሐንስዬ፣ ብዙውን ሰርዘንብሃል። አምስቱ ደረጃ ወጥቷል፤ ከደጅ እስከ አልጋ ድረስ እግሬ የሚያደናቅፈው ደፍ እንኳን የለም። ሽንት ቤቱ ውስጥ ነው። በሮቹ ሰፊ ናቸው። ግንበኛው፣ «ለምንድን ነው እንዲህ የሰፋው?» ሲል፣ ሜሮን፣ «አንድ ቀን በተሽከርካሪ ወንበር ልትሄድ ትችላለች» አለችው፣ እኔ እያለሁ ፊት ለፊቴ። መጀመሪያ ደነገጥኩ። ቆይቶ ግን ደስ አለኝ። ስለ እርጅናዬ ደፍሮ የሚያስብልኝ ሰው አገኘሁ።

የመጻሕፍት መደርደሪያው አንተ ባልክበት ቦታ፣ አንተ ባልከው ልክ ቀርቷል። የእንግዳውን ክፍል አልሰረዝነውም፤ ለብቻው በር አወጣንለት፣ ወደ እነ ጋሼ ቤት በኩል። ይህ የእትዬ አማረች ሐሳብ ነው። «እኛስ አናረጅም?» አለች። «የእኛ ቤት መግቢያው ሁሉ ድንጋይ ነው። ከእኛ አንዱ መራመድ ሲያቅተው እዚህ ይገባል፣ እስከዚያ ሜሮን ትተኛበት።» ጋሼ እንዳልሰሙ ሆኑ። በማግስቱ ግን የዚያን ክፍል መስኮት ትንሽ ዝቅ አድርጉት፣ ተኝቶ ደጅ የሚታይበት ይሁን ብለው ግንበኛውን ሲያዙት ሰማሁ።

ጥር ላይ መሠረቱ ወጣ። አሁን የካቲት ነው፣ ግድግዳው አልቆ ባለፈው ሳምንት ቆርቆሮው ተመታ። ከፋሲካ በፊት እገባለሁ። ለእማማ ዘውዴ ነግሬያቸው መርቀውኛል። በሚኒባስ እየተመላለስኩ ግንበኛውን አሰለቸዋለሁ። የመንደሩ ሴቶች እድራቸው ውስጥ አስገብተውኛል፤ ባለፈው ስብሰባ ላይ ጸሐፊያችን ሁኚ አሉኝ። ከምባትኛ አልችልም ስላቸው፣ «እኛ እንናገራለን፣ አንቺ ትጽፊያለሽ፣ ስትጽፊ ትለምጃለሽ» አሉኝ። ይኸው በስልሳ ዓመቴ የቤት ሥራ የሚሰጠኝ ሰው አገኘሁ። ከአጠገቤ የምትቀመጠው ባልቴት ቃላት ስሳሳት ጭኔን መታ ታደርገኛለች። እኔ ተማሪዎቼን እንዲህ አልመታም ነበር።

አሁን ሸክሜ ወርዷል። ያጠፋሁት ጥፋት እሺ ማለቴ ሳይሆን፣ «እውነት ትወጂዋለሽ?» ብለህ በጠየቅከኝ ቀን ልታምነኝ እንደምትፈልግ እያወቅኩ ቀልድህን፣ ክርክርህን፣ «እንግዲያው ሌላ እናስብ» የምትለዋን ነገርህን ነጥቄህ መሸኘቴ ነው። አብረን ልናስበው እንችል ነበር። ለዚህ ይቅር በለኝ። ስትታመም ሰው ሁሉ እሺ እሺ ይልሃል፣ ቢያንስ እኔ እውነቱን የምነግርህ ሰው ልሆንልህ ይገባኝ ነበር።

አንተ በካቶሊክ፣ እኔ በኦርቶዶክስ፣ ቤተ ክርስቲያናችን እንደተለያየ ነው የሄድከው። ማንም አላስገደደንም፣ እኛም አልተገዳደድንም። ግንቦት ላይ ሦስተኛ ዓመትህ ሲሆን ጠዋት ከእትዬ አማረች ጋር ወደ አንተ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ቅዳሴህን አስቀድሳለሁ፣ መቃብርህንም አጸዳለሁ። ከሰዓት በባጃጅ ዶዮገና ከተማ ወርጄ በእኔ ቤተ ክርስቲያን ስምህን ለጸሎት አስጠራለሁ። በየዓመቱ እንዲህ አደርጋለሁ፤ እግሬ እምቢ ሲል ሜሮን ታደርገዋለች፣ ተስማምተናል። በሁለቱም በኩል ትጠራለህ። ካህናቱ የቤትህን ነገር አያውቁም፣ አያስፈልጋቸውም። እኔ ግን እዚያ ስቆም፣ ካሁን በኋላ የምደብቅህ ነገር የለኝም።

ያንተው
ጸዳለ